አባቴን ያስቀመጥኩበት ሳጥን

ቆጣቢ ነኝ ብዬ የሠራሁትን ልንገራችሁ። የሟች አባቴን ቪዲዮዎች የማስቀምጥበት ሰርቨር ቤቴ ውስጥ ገጣጠምኩ። ከአሮጌ ላፕቶፕና ከሱቅ የጥበቃ ካሜራ መቅጃ የነቀልኳቸውን የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች አንድ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። ሌላ ቅጂ አላስቀረሁም። አሮጌ ዲስኮች ደግሞ ቶሎ ይግላሉ።

«እማ፣ አባዬ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንዳይገድለው፣ አደራሽን ይህን ማራገቢያ እንዳታጠፊ» ብያት ወጣሁ።

ቀትር ላይ ስመለስ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ሳጥኑ የውሃ ጀሪካን በምናቀዘቅዝበት እርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ምን አደረግሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ያ ጩኸት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባዶውን ጣሳ እንደያዘች ደነገጠች። «መብራት ሄዶ እስኪመለስ ማራገቢያው ቆሞ ነበር። አባትህ ደግሞ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሙቀት አይችልም ነበር።»