ወንድሜን ሸነን ላለማድረስ ያወጣሁት ዕቅድ

ሰው አገር ተቀምጠው ከቤት እንግዳ ሲመጣብዎ፣ አካባቢውን ሁሉ አዙረው እያሳዩ የሚኖሩበትን ክፍል ብቻ ለመደበቅ አስበው ያውቃሉ? እኔ አስቤያለሁ። እንዲያውም እንደ ትምህርት ዕቅድ በዓላማና በሰዓት ከፋፍዬ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ።

የተወለድኩት ደሴ ነው። አሁን የምኖረው ሸነን፣ ከአምቦ በጠጠር መንገድ በሚደረስባት ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ አምስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ሊጠይቀኝ እንደሚመጣ ሲደውልልኝ መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ደነገጥኩ። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ የጭቃው ግድግዳ በጋዜጣ ተለጥፏል፤ ውሃ የሚቀዳው ከቦኖ ነው። ሰይድ ይህን አይቶ ለእናታችን ቢነግራት ወደ ደሴ ተመለሽ ብላ ትለምነኛለች። እናቴ ስትለምነኝ ደግሞ እምቢ ማለት አልችልም። መመለስ ግን አልፈለግኩም። ተማሪዎቼ አንድ አንቀጽ ሳይደናቀፉ ማንበብ የጀመሩት ገና አሁን ነው።

ዓርብ፦ ጊንጪና ደንዲ

ከሸነን የተነሳሁት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። አምቦ ላይ ሚኒባስ ቀይሬ ጊንጪ ስደርስ፣ ሰይድ ከአዲስ አበባ ከመጣበት መኪና ወርዶ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ሙዝ ይልጣል። በጋራዥ ሥራ የጠቆረ እጁን ዘርግቶ አቀፈኝና፣ "ከስተሻል" አለኝ። ይህ በዕቅዴ ውስጥ አልነበረም።

መኪና ተኮናትረን ወደ ደንዲ ሐይቅ ወጣን። የስንዴው ማሳ ታጭዶ ከብት ተለቅቆበታል። ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆነን ቁልቁል ስናይ ሐይቁ ሁለት ክብ ሆኖ ወገቡ ላይ ጠበብ ይላል። ጉድጓዱን የፈጠረው እሳተ ገሞራ እንደሆነ፣ ውሃው እንዴት እንደሞላው ሁሉ አስረዳሁት። ጨርሼ ሳልጨርስ፣

"ፈተና አለው እንዴ?" አለኝ።

ማታ አምቦ ገብተን በሁለት መቶ ሃምሳ ብር ክፍል ያዝኩለት፤ እኔ አንዲት ጓደኛዬ ዘንድ አደርኩ። እስከዚህ ዕቅዴ ተሳክቷል።

ቅዳሜ፦ አምቦ

ጠዋት ወደ ፍልውሃው መዋኛ ወሰድኩት። ዋኝቶ ወጣና ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የአምቦ ውሃውን ከፈተ።

"አሁንስ ወዴት ነን?"

"ከሰዓት ከተማውን እናያለን። ነገ ወደ ጉደር…"

"ቤትሽ የት ነው?"

መንገዱ አቧራ ነው አልኩ። ሩቅ ነው አልኩ። መኪና አይገኝም ስል ሳቀ።

"አንቺስ በምን መጣሽ? በእግር?"

ከሻንጣው ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የመምህራን ዝውውር መጠየቂያ ፎርም ነው። ስሜና የትምህርት ደረጃዬ በእሱ እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። "የዝውውር ምክንያት" ከሚለው ሥር ያሉት መስመሮች ብቻ ባዶ ናቸው።

"እማ ሐይቅ እንዳይ አልላከችኝም። ምክንያቱን ቤትሽን አይተን እንሞላዋለን" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ በአንድ አሮጌ አውቶቡስ ወደ ሸነን ጉዞ ጀመርን። ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አምስት ሆነን፣ አቧራው በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ። በመንገዱ ሁሉ ምንም አላስረዳሁም።

አከራዬ አዴ ዲንቂ ደጃፍ ላይ ገብስ ያበጥራሉ። አዴ በኦሮምኛ ለእናት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ሰይድን "አካም፣ ነጋ?" ብለው ሰላም አሉትና መቼ እንደመጣ ጠየቁት። "ትናንት" አለ። "የት አደርክ?" "አምቦ፣ ሆቴል።"

ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

"ቲቸር! ኬሱማሽን ሆቴል አሳደርሽ?" ኬሱማ እንግዳ ማለት ነው። "እኛ ሞተናል? ጎረቤት ምን ይላል? የእናትሽን ልጅ!"

"ክፍሏ ስለምትጠብ…" አልኩ።

"ክፍሏ ጠበበች ብለሽ እኔን ነገርሽኝ? ልጄ ዘንድ አይተኛም ነበር?"

ሰይድ አንገቱን ደፍቶ ሳቁን ይውጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ መሐሉ ላይ ቅቤ የተኛበት የገብስ ገንፎ፣ እሳቸው ማርቃ የሚሉት፣ በትልቅ ገበታ ቀረበ። "ሥጋችሁ እንደሚለይ አውቃለሁ፤ ማርቃ ግን የሁላችንም ነው" አሉ።

እሑድ፦ ሸነን

ስነቃ ጀሪካኑ የለም፤ አዴ ዲንቂ ልጅ ዘንድ ያደረው ሰይድም የለም። ቆይቶ ሲመጣ እጁ ባዶ ነው። ሁለት ሴቶች እየተሳሳቁ የሞላውን ጀሪካን ይዘው ተከትለውታል።

"ምነው?" አልኩት።

"ወንድ ውሃ ሊቀዳ መጣ ብለው ሳቁብኝ። የማን ነህ አሉኝ። የመምህርቷ ወንድም ነኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ ጀሪካኑን አላስነኩኝም።"

ሰኞ፦ መሸኛ

መናኸሪያው ውስጥ መኪናው እስኪሞላ ለእናታችን ደወለና ድምፁን እኔም እንድሰማ ከፍ አደረገው።

"እማ፣ ክፍሏ ጠባብ ናት። ግድግዳውም ጭቃ ነው።"

ስልኩን ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ፊቱን አዞረ።

"ግን ሆቴል አሳደረችኝ ብለው አከራይዋ እፊቴ ተቆጧት። ልክ አንቺ እንደምትቆጪው።"

እናቴ፣ "ደግ አደረጉ! ወንድሟን ሆቴል?" ስትል ሰማሁ። "ሰላም በልልኝ እኒያን ሴትዮ።"

ሰይድ ፎርሙን እጄ ላይ አስቀመጠ። ባዶዎቹ መስመሮች አሁንም ባዶ ናቸው።

"የምጽፈው አጣሁ" አለና ወደ መኪናው ገባ።

ወደ ቤት ስመለስ አዴ ዲንቂ፣ "ሄደ? ስንቅ ሳይዝ?" ብለው እንደገና ተቆጡኝ። የተማርኩት ይህን ነው፦ እኔ የደበቅኩት ግድግዳውን መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከግድግዳው ጋር ሰዎቼንም ደብቄያቸው ኖሯል። እርስዎም ሰው አገር ካሉና ከቤት የሚመጣ ካለ፣ ሐይቁ ይቆይዎት። መጀመሪያ ቤትዎ ያስገቡት፤ በማግስቱ ጀሪካን አስይዘው ወደ ቦኖው ይላኩት። እባክዎ ይሞክሩትና ከማን ጋር እንደሚመለስ ይዩ።