የጎል ሰዎች ያሸነፉበት እሁድ

ባለፈው ሳምንት ልጄ የታሪክ መጽሐፏን የሱቄ ባንኮኒ ላይ ዘርግታ ስታጠና አንድ ጥንታዊ ካርታ አየሁ። የዛሬዋ ፈረንሳይ ላይ «ጎል» ተብሎ ተጽፏል። ብቻዬን ስስቅ ግራ ገብቷት አየችኝ።

ያሳቀኝ የወጣትነቴ አንድ እሁድ ነው፤ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከሆሳዕና ደቡብ አፍሪካ መጥቼ፣ ከጆበርግ ወጣ ብሎ ዳቬይተን ውስጥ፣ ስፓዛ በሚሉት የሰፈር ሱቅ እሠራለሁ፤ እሁድ ከሰዓት ግን በታክሲ ከተማው ውስጥ ትሮይቪል ሰፈር ሄጄ እንግሊዝኛ እማራለሁ። የሚያስተምሩን ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርት ነበሩ። እንደ አገሩ ወግ «ጎጎ» እንላቸዋለን፤ በዙሉ አያቴ ማለት ነው። የጆበርግ ክረምት ዝናብ የለውም፣ ደረቅ ብርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍል የምንገባው ከታክሲ ማቆሚያው የገዛነውን ማጉዊንያ፣ እንደኛ ፓስቲ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ሊጥ፣ እጃችን እስኪሞቅ ይዘን ነበር።

አንድ ቀን ጎጎ ስለ ጎል ቲያትር ትሠራላችሁ አሉን። የኳስ ጎል መስሎን ደስ አለን። ኋላ ሲያስረዱን ጎል ኬልቶች የሚባሉ የጥንት ሕዝቦች አገር ነው። ሪዛቸውን ያንዠረገጉ ኃይለኛ ሰዎች ነበሩ፤ ለሮማ አንገዛም ብለው ተዋጉ። በመጨረሻ ግን ኮረብታ ላይ ተከበው ሲራቡ አለቃቸው ወርዶ እጁን ሰጠ።

አለቃው እኔ ሆንኩ። የሮማው ጦር መሪ ደግሞ ከድር፣ የወራቤ ልጅ፣ ነጋዴ፣ የክፍል ጓደኛዬ። ሳምንቱን ሙሉ ባገኘኝ ቁጥር እሁድ እግሬ ሥር ትወድቃለህ እያለ አበሸቀኝ። ይባስ ብሎ አስቴርን ጋብዣታለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ናት፤ ልቤ ከወደዳት ቆይቷል፣ አፌ ግን አልደፈረም።

ቀኑ ደረሰ፤ የምንማርበት አዳራሽ በተጋባዥ ሞልቷል። ከድር ነጭ አንሶላ ለብሶ ወንበር ላይ ተሰይሟል። የሳንቃ ሰይፌን ይዤ ቀረብኩ። አስቴር ፊት ለፊት ተቀምጣለች። እሷ እያየችኝ አልንበረከክም ብዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ተንበርከክ» አለኝ ከድር በሹክሹክታ።

«አንተ ተንበርከክ» አልኩት።

ተናዶ ብድግ ሲል የአንሶላውን ጫፍ ረግጦት ኖሮ አንሶላው ወርዶ በኳስ ቁምጣ ቀረ። ሊያነሳው ሲያጎነብስ ልክ እግሬ ሥር ሆነ። አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። ጎጎ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ሲረጋጉ ግን ፈተና ላይ እንዲህ ብላችሁ እንዳትጽፉ ብለው አስጠነቀቁን።

ደረቴን ነፍቼ ወደ አስቴር ሄድኩ። እሷ አልሳቀችም።

«ሰውዬው እኮ የተንበረከከው የተራበ ወገኑን ሊያተርፍ ነው» አለችኝ። «አንተ የቆምከው ለማን ብለህ ነው?»

ዘወር ስል ከድር ጥግ ላይ ብቻውን አንሶላውን ያጥፋል። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ትንሽ አኮረፈና ሳቀ። አስቴር ከሩቅ ታየን ነበር መሰለኝ፣ በሚቀጥለው እሁድ ቀድማ ሰላም ያለችኝ እሷ ናት።

ከድር እስከ ዛሬ፣ ሮማ አልተሸነፈችም፣ የከዳት አንሶላ ነው ይላል። አስቴር ደግሞ የልጄ እናት ሆናለች። ከተጋባን ወዲህ ስንቴ እጄን እንደሰጠኋት እግዜር ይቁጠረው። አብዛኛውን ጊዜ ልክ እሷ ስለሆነች፣ አንዳንዴም ቤቱ ሰላም እንዲውል ብዬ ነው። ተሸነፍኩ ብዬ ግን አላውቅም።