የረቢያ ሳንዱቅ

ረቢያ ከኩዌት ስትመለስ እንደ ጓደኞቿ ወርቅ አላመጣችም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ሠርታ ይዛ የገባችው አንድ ካሜራ ነበር። “ልጅቱ ምን ነካት?” ያላለ የሐይቅ ከተማ ሰው ጥቂት ነው። ይበሉ! እሷ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየችና ፎቶ ቤት ከፈተች። ዘመኑ 2010 ነው፤ ለውጥ መጣ ተብሎ ወጣቱ ሁሉ አንድ ነገር ልጀምር የሚልበት ጊዜ።

የምታደርገውን ታውቅ ነበር። በአገሩ ሙስሊሞች ሰርግ የሴቶቹ ዳስ ለብቻው ነው፤ ወንድ ፎቶ አንሺ ዝር አይልበትም። ሴቶቹ እዚያ ውስጥ ሒና ሞቀው፣ ራሳቸውን ገልጠው፣ እንደ ልባቸው ሲጨፍሩ ማን ያንሳቸው? ለዘመናት ማንም አላነሳቸውም። ረቢያ ገባችላቸው።

ከካሜራው ሌላ ደግሞ አንድ ዕውቀት ይዛ መጥታለች። የኩዌቷ አሠሪዋ የቤተሰቡን ፎቶ የምታስቀምጠው ኢንተርኔት ላይ ባለ የፎቶ ማጋሪያ ገጽ ነበር፤ ረቢያም ልጆቹን እያስተኛች አጠቃቀሙን ከአሠሪዋ በላይ አወቀችው። ሐይቅ ገብታ ለእያንዳንዱ ሰርግ በገጹ ላይ የየራሱን ክፍል ከፈተች፤ ክፍሉም ያለ ይለፍ ቃል አይከፈትም። የአገሩ ሰው ገጹን “የረቢያ ሳንዱቅ”፣ የይለፍ ቃሉን ደግሞ “ቁልፍ” አለው። ቁልፉ የተነገራት እህት በማግስቱ ሪያድ ወይም ቤይሩት ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ፣ የቀረችበትን ሰርግ እያለቀሰችም እየሳቀችም ታየዋለች። ይህን ያደረገች የመንደር ልጅ ብትኮራ ማን ይፈርድባታል?

በ2012 የውጫሌው የጋሽ አብዱልመናን ልጅ ሒክማ ስታገባ ግን ረቢያ ተሳሳተች። ስህተቷም የጨዋ ልጅ ስህተት ነበር። በደንቡ ለቤቱ የሚሰጥ ነገር መጀመሪያ አባወራው እጅ ይገባል፤ እሷም ቁልፉን ለጋሽ አብዱልመናን ሰጠች። ሰውዬው ፎቶ አይወዱም። ደስ ብሏቸው የተነሱት አንዱን ብቻ ነው፦ ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ወደ ሴቶቹ ዳስ ገብተው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉላት የተነሳውን። ያንን ለጓደኞቻቸው ሊያሳዩ ሻይ ቤት ገቡ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ የአንዱ ጣት ሸርተት ሲል ሙሽራዋ ራሷን እንደገለጠች ከነሚዜዎቿ ወንዶቹ ፊት ብቅ አለች።

ውጫሌ ተተራመሰ። የጋሽ አብዱልመናን ባለቤት እትዬ መስኡዳ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍረው ፎቶ ቤቱ ደረሱ።

“አጥፊው። አሁኑኑ፣ ዓይኔ እያየ። እኔ ያተምሽልኝ አልበም ይበቃኛል።”

“ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬ” አለች ረቢያ። ከገጹም ከኮምፒውተሩም አንድ በአንድ አጠፋችው።

“ደብቀሽ ያስቀረሽው የለም?”

“ወላሂ፣ አንድም የለም።”

ከዚያ ወዲህ አራት ወር የጠራት ሰርግ አልነበረም። እሷ ግን ገጹን አልዘጋችም። ቁልፉ ለሙሽራዋ እናት ብቻ፣ ያውም በጆሮዋ፣ እንዲነገር ደንብ አወጣች። ቀስ በቀስ እናቶች ተመለሱ፤ አንዷ ሌላዋን እየላከች ጭራሽ ፋታ ነሷት።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደረሰ። ውጫሌም ሐይቅም ባንድ ሰሞን ተለቀቁና ሰዉ እግሩ ወዳመራው ተሰደደ። ረቢያ ካሜራውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ እናቷን ደግፋ ወጣች። ታኅሣሥ ላይ ሲመለሱ የፎቶ ቤቱ በር ተገንጥሏል፤ ኮምፒውተሩ የለም፤ ማተሚያው የለም፤ ወንበሯ እንኳ የለም። በየቤቱም አልበሙ ወይ ተቃጥሏል ወይ በጭቃ ተረግጧል።

ኔትወርክ ሲመለስ ስልክ ተውሳ ገጿን ከፈተች። ሠላሳ አንድ ሰርግ፣ አንድ ፎቶ ሳይጎድል፣ ቁጭ ብሏል። ብቻዋን እልል አለች! ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት ነው የዞረችው። ጣሪያው የተነሳበት ቤት ገብታ፣ “እንኩ፣ የልጅዎ ሰርግ” ስትል ሰዉ እጇን ይዞ ይመርቃታል። ሐይቅ ላይ ጦርነቱ ያልነካው ንብረት አለኝ የሚል ካለ የረቢያ ደንበኛ ነው። በኩራት አንገቷ ቀና አለ፤ ይገባታልም።

መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ የባላቸውን የሐዘን ጊዜ፣ ዒዳቸውን፣ እንደጨረሱ፣ እትዬ መስኡዳ መጡ። ጋሽ አብዱልመናን ስኳር ነበረባቸው፤ በስደቱ መድኃኒት አጥተው ኅዳር ላይ መንገድ ላይ ነው ያረፉት። የተቀበሩትም የማያውቁት አገር ነው። አልበሙ ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል።

ሴትዮዋ አልተቀመጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ልጄ፣ ያን ጊዜ ዋሽተሽኝ ከሆነ አልቆጣም” አሉ። “ዋሽታኝ በሆነ እያልኩ ነው የመጣሁት።”

ረቢያ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ውሸታም በሆንኩ ብላ ተመኝታ አታውቅም።

“አልዋሸሁም፣ እትዬ” አለች፤ እንባዋ መጣ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ሲዞሩ ግን አንድ ነገር መጣላት። “ቆይ እስቲ! ጋሼ ሳንዱቁን ሻይ ቤት ብቻ ነው የከፈቱት? ቁልፉን ለሌላ አልላኩም?”

“ሪያድ ላለችው ልጄ ለኢንሳፍ። እሷም ስልኬ ላይ ያስቀረሁትን አጥፍቻለሁ ብላኛለች፤ እኔው ነኝ አጥፊ ያልኳት።”

“እናቷን ፈርታ ያለችውን ማን ያውቃል? አብሽሩ፣ እኔ ልጠይቃት።”

ተደወለ። ረቢያ ጉዳዩን ስትነግራት የኢንሳፍ ለቅሶ ተሰማ።

“እማዬን አፉ በይኝ በይልኝ። አላጠፋሁትም። በገጹ ላይ የራሴን ሳንዱቅ ከፍቼ ቆለፍኩበት። አባዬ ከሞተ ወዲህ ጁምዓ ጁምዓ እያየሁት ነው። እንዳትቆጣኝ ብዬ እንጂ...”

“ላኪው” አሉ እናቲቱ ስልኩን ቀምተው። “ላኪው፣ የእኔ ልጅ። አፉ ብዬሻለሁ።”

ፎቶው ደረሰ። ጋሽ አብዱልመናን መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሒክማ ከፊታቸው አንገቷን ደፍታ። እትዬ መስኡዳ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠጉት።

“ቆባቸው ዘመም ብሎ ነበር ለካ” አሉ። “ሳላየው! ሳላስተካክልላቸው!” አለቀሱ፤ መልሰውም ሳቁ።

በዓመቱ ታናሺቱ ልጃቸው ኢቲሳም አገባች። ረቢያ ካሜራዋን ይዛ የሴቶቹ ዳስ በር ላይ ስትደርስ፣ ከሩቅ የመጡት የሙሽራው ዘመዶች የማያውቋትን ባለካሜራ አይተው ተሸፋፈኑ። እትዬ መስኡዳ ከመሐል ተነሡ።

“ምን ያሸፋፍናችኋል? ግለጡት! የገባችው እኮ ረቢያ ናት። አጠፋሁ ካለች አጥፍታ ነው፣ ቆልፌያለሁ ካለችም ቆልፋ ነው።”

ሴቶቹ ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ።