የሸክላው ሽማግሌ

ሠፈሩ ውስጥ የመነጽር ቤቱን ባለቤት በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ «ጆሮ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት የሠፈሩ የሙዚቃ ሸክላ ቤት ደንበኞች ናቸው። አንድ ጊዜ አዲስ አልበም እየተጫወተ ከመደርደሪያው ማዶ ቆሞ፣ «ድራም መቺው እዚህ ላይ ወንበሩን ቀይሯል» አላቸው። ቀይሮ ይሁን አይሁን ማን ሄዶ ይጠይቅ? እነሱ ስቀው ስም አወጡለት፤ እሱ ደግሞ ፌዙን ትቶ ሙገሳውን ብቻ ወሰደ። ኑሮው በሰው ዓይን ላይ የቆመ ነው፤ ልቡ ግን በገዛ ጆሮው ላይ።

ከሳሎኑ ግድግዳዎች አንዱ ከወለል እስከ ጣሪያ ሸክላ ነው። ሚስቱ መኪና መንዳት ታስተምራለች፤ ከሚንቀጠቀጡ ጀማሪዎች ጎን ተቀምጣ፣ እግሯን በእሷ በኩል በተገጠመው ትርፍ ፍሬን ላይ አድርጋ ስለምትውል ትዕግሥቷ የተፈተነ ነው። ቁም ሣጥኑ ወደ ኮሪደር ሲሰደድ ምንም አልተናገረችም። የልብስ መተኰሻው ጠረጴዛ መታጠቢያ ቤት ሲገባም ዝም አለች። «አልጋው ላይ መውጣት ሲጀምሩ ብቻ ንገረኝ፤ እኔ እወርዳለሁ» ብላ ነው ያለፈችው።

አማቱ ግን ነገሩን እስኪለምዱት ጊዜ ወስዶባቸዋል። ልጃቸውን ባገባ ሰሞን «ሸክላ ገዛሁ» ሲላቸው፣ ቤት ለማሟላት የተነሣ ቁም ነገረኛ መስሏቸው ደስ አላቸው።

«ደግ አደረግህ ልጄ። ትልቅ ነው ትንሽ?»

«ሁለት ናቸው እማማ፤ ሁለቱም ትልልቅ። አንደኛው ላይ ግን ጊታሩ ልዩ ነው።»

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ልጃቸውን ባገኟት ቁጥር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ባልሽ ደኅና ነው?» ይሏት ነበር።

እኚሁ አማት ናቸው እንግዲህ ለዓይን ሕክምና የመጡት። የዓይናቸውን ሞራ ያየው ራሱ ጆሮ ነበር፤ «መነጽር አይደለም የሚያስፈልግዎት፣ ሐኪም ነው» ብሎ ለምኖ ነው ያመጣቸው። አንደኛው ዓይናቸው ታከመና በፋሻ ተሸፈነ። አያጎንብሱ፣ ዕቃ አያንሡ፣ ቴሌቪዥን አይዩ ተባሉ። ሁሉን ሲያዩና ሲታዘቡ የኖሩ ሴትዮ ሥራ ፈትተው ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ሶፋው ደግሞ ጆሮ አዲስ ሸክላ የሚያዳምጥበት ቦታ ነበር።

ጆሮ ለአዲስ ሸክላ ሥርዓት አለው። ከሥራ እንደተመለሰ እጁን ይታጠባል፤ ሸክላውን በለስላሳ ጨርቅ ያብሳል፤ መርፌውን እንደ ሕፃን ጣት በጥንቃቄ ያወርዳል። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዓይን ሲያርፍ ጆሮ ይነቃል ባይ ነው። ዋናው ደንብ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ብቻውን መሆን ነው። አሁን አማቱን ከሶፋው ተነሡ ሊል ነው? ዋጥ አድርጎ ከጎናቸው ተቀመጠ።

በዚያ ሳምንት የገዛቸው አራት የኢንዲ ሮክ አልበሞች ነበሩ። ትልልቅ አሳታሚዎች ያላስጠጓቸው፣ ወይም እነሱ ራሳቸው ትልልቆቹን የማይጠጉ ልጆች፣ በጓደኛ ጋራዥና በአክስት ሳሎን እየቀዱ የሚያወጡት የጊታር ሙዚቃ ነው። የሚዘፍኑበት ቋንቋ የባዕድ ስለሆነ ጆሮ ከሦስት ቃል አንዱን ይይዛል፤ ሁለቱን ከራሱ ይሞላል። ስለ አራቱም እሑድ ከሰዓት በሠፈሩ ሬዲዮ ላይ እንዲናገር ተጋብዟል። ፕሮግራሙን የምታቀርበው የሸክላ ቤቱ ባለቤት ናት፤ ስትስቅ ታይታ የማታውቅ ረጅም ሴት።

የመጀመሪያው አልበም ሽፋን ላይ የተገለበጠ ብስክሌት አለ። ሲያልቅ ጆሮ ዓይኑን ሳይገልጥ ፍርዱን ሰጠ። «ጊታሮቹ ይጣላሉ። ቤዝ ጊታሩ መሐል ገብቶ ሲያስታርቅ ይቆይና በኋላ እሱም ይናደዳል። ጥሩ ነው፤ እውነተኛ ጠብ ነው።»

«እኔ ጎረቤት ብየዳ የጀመረ መስሎኝ ነበር» አሉ አማቱ።

ሁለተኛው የአንዲት ልጅ ሹክሹክታ ነበር። «ሰው ተኝቶ ባለበት ክፍል ነው የምትዘፍነው» አለ ጆሮ። «እንዳይነቃባት ትፈራለች፤ ቢነቃ ደግሞ ደስ ይላታል።»

«ትንሽ ከፍ አድርጋ ትናገር እንጂ። ሐሜት ከሆነ ደግሞ ይቅርብን።»

በሦስተኛው አማቱ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጆሮ ቅር አላለውም፤ እሱም ቢሆን ብዙ አልወደደውም። ዘፈኑ በሩ ድረስ ይመጣና ሳያንኳኳ ይመለሳል ብሎ ለራሱ ፈረደ።

አራተኛው ሽፋኑ ላይ ዝናብ ያራሰው ደረጃ እንጂ ሰው የለበትም። በአንድ ሽፋን ውስጥ ሁለት ሸክላ ነው ያለው። ጆሮ አንደኛውን አጫወተ። መጀመሪያ ጊታር መጣ፤ ከባድ፣ ጭቃ ውስጥ እንደሚሄድ ጫማ። ከዚያ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ከሩቅ ቀስ እያለ ቀረበ። ቃል ጀምሮ እስኪጨርሰው ሌላ ሰው ውኃ ጠጥቶ ይመለሳል። ትንፋሹ ይሰማል። ጆሮ እጁ ሶፋው ጠርዝ ላይ ቀረ፤ አማቱም ፋሻቸውን መነካካት ተዉ።

የሸክላው አንደኛ ፊት አልቆ መርፌው ተነሣ።

«ይሄ ሰውዬ ልጆች የሉትም?» አሉ አማቱ።

«ያሉት አይመስለኝም እማማ።»

«ቢኖሩትም አይጠይቁትም። አንጀቴን በላው። እስቲ ድገመው።»

ደገመው። በማግስቱም ደገመው። ከመነጽር ቤቱ ሲመለስ አማቱ በር ሲከፈት ሰምተው፣ «ሽማግሌውን አምጣልኝ» ይሉት ጀመር። ሁለቱ ስለ ሰውዬው እንደ ጎረቤት ያወራሉ፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ ደረጃ መውጣት ከብዶታል፣ የቀበረውን ነገር አይናገርም። ሚስቱ ኩሽና ሆና ትሰማለች። «ከሁላችሁም የማይናገረው እሱ ይሻላል» ትላቸዋለች። ሁለተኛውን ሸክላ ጆሮ ከልባሱ እንኳ አላወጣውም፤ አንደኛውን ጠግቦ እስኪጨርስ ለሌላ ቀን አቆየው። ይህንን ለማንም አልተናገረም።

እሑድ ደረሰ። የሬዲዮው ክፍል ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ማይክሮፎኑ መሐል ቆሞ፣ ሸክላ ማጫወቻው ከአቅራቢዋ ጎን። ጆሮ ሸሚዙን ቀይሮ ነበር፣ በሬዲዮ እንደማይታይ እያወቀ። ስለ ሦስቱ አልበሞች ደኅና ተናገረ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይህ ሰው ስልሳውን ያለፈ ይመስለኛል» አለ። «ሚስቱ ሞታለች አልልም፤ ግን በቤቱ ውስጥ ሁለተኛ ኩባያ የለም። ብዙዎቹ ወጣቶች ሐዘንን ይዘፍኑታል። እሱ ግን አይዘፍነውም፤ ተሸክሞት ደረጃ ይወጣል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ድምፅ ስሰማ ዓመታት ሆኖኛል።»

ሌላም ብዙ ጨመረ። አቅራቢዋ ግንባሯን ቋጠር አድርጋ አየችው፤ ነገር ግን እንግዳ አይቋረጥም። ሲጨርስ፣ «እናመሰግናለን፤ እስቲ አድማጮቻችን ይስሙት» ብላ መርፌውን አወረደች።

ከድምፅ ማጉያው የወጣችው አንዲት ልጃገረድ ናት። ትሮጣለች። ድራሙ ከትምህርት ቤት እንደተለቀቁ ልጆች ደረጃውን እየዘለለ ይወርዳል፤ ጊታሩ ይፈነድቃል፤ ልጅቷ በመሐል ሳቋ አምልጧት ቃሉን ትስታለች።

ጆሮ ክው አለ። «ሸክላው ተሳስቷል» አለ።

«አልተሳሳተም።»

«ሰውዬውስ?»

«የቱ ሰውዬ?» አለች አቅራቢዋ። ከዚያ ድምፁን ቀነሰችና ሸክላውን፣ ቀጥሎም እሱን አየች። «በየትኛው ፍጥነት ነው ያዳመጡት?»

«ሁልጊዜ በማዳምጥበት፤ በሠላሳ ሦስት ዙር።»

«ይሄ እኮ አርባ አምስት ነው።» በማይክሮፎን ፊት እርስዎ ስትለው የቆየችው ሴት አፏ ላይ የመጣላትን አለች። «አንተ፣ መሐሉ ላይ ተጽፏል እኮ። አላየኸውም?»

«መነጽሬን አውልቄ ነበር» አለ መነጽር ሠሪው፤ ይህችም ቃል በአየር ላይ ዋለች።

በዚያው ሰዓት ሚስቱ አንድ ጀማሪ ይዛ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነበረች፤ የመኪናው ሬዲዮ ተከፍቷል። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጀማሪው በእሱ የሳቀች መስሎት መኪናውን መንገዱ መሐል አቆመው፤ ከኋላ ያሉት ጡሩንባቸውን ለቀቁት። «በአንተ አይደለም» ልትለው ብትሞክርም ቃሉ አልወጣላትም።

ጆሮ ወደ ቤቱ የተመለሰው በሩቁ መንገድ ነው። ፊቱ እንደጋለ ነበር። ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ሁሉ በመስኮት የሚያየው መሰለው። በእርግጥ ሬዲዮውን ያን ያህል ሰው አይሰማውም፤ ግን እንዲህ ባለ ቀን ያለውም የሌለውም ሰው የሚያይ ይመስላል።

አማቱ ሶፋው ላይ፣ ከሬዲዮው አጠገብ ነበሩ።

«ያቺ ሴትዮ ሽማግሌውን ምን አደረገችው?» አሉት ገና ሳይቀመጥ።

ከአጠገባቸው ተቀምጦ አስረዳቸው። ሸክላው በፍጥነት መዞር እንደነበረበት፣ እሱ በዝግታ እንዳዞረው፣ ዝግ ሲል የሴት ድምፅ ወፍሮ የወንድ እንደሚመስል። አማቱ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡት።

«እና ሽማግሌው የለም?»

«የለም እማማ። ልጅቷ ናት።»

«እኔ ግን ሰምቼዋለሁ።»

«እኔም ሰምቼዋለሁ» አለ ጆሮ፤ ይህን ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ከኀፍረቱ ይልቅ የከነከነው የሰውዬው መጥፋት መሆኑ ታወቀው። አንድ ሳምንት ሙሉ አብሮት የኖረ ሰው ነው።

መጀመሪያ ልጅቷን በትክክለኛው ፍጥነት አሰማቸው፤ ፍትሕ ይገባታል ብሎ። አማቱ እስከ መጨረሻው ታገሡ። «ጥሩ ልጅ ናት» አሉ። «ግን ማነው የሚያባርራት?» ከዚያ ጆሮ የፍጥነቱን ቁልፍ መለሰውና ሽማግሌው ጉልበቱን እየጎተተ መጣ።

ሚስቱ በዚህ መሐል ገባች። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን ስታሰላስል ነበር የመጣችው። እናቷ ባለ ፋሻ፣ ባሏ ያለ መነጽር፣ ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው ስታገኛቸው ግን ቦርሳዋን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ሶፋው ክንድ ላይ ተቀመጠች። የሸክላው ፊት እስኪያልቅ ጠበቀች። ሲያልቅ ግን አልማረችውም።

«አርባ አምስት በሚነዳበት መንገድ በሠላሳ ሦስት የሚሄድ ሰው፣ ከኋላው ያለው ሹፌር ምን እንደሚለው ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለ ጆሮ።

«አታውቅም፤ አንተ ስትነዳ መስኮት ስለምዘጋልህ ነው» አለችው። እሱም ሳቀ፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

በሳምንቱ መነጽር ቤቱ ውስጥ ያልተፌዘበት ቀን የለም። አንዱ የዓይን ልኬቱን ጨርሶ ሲወጣ «ጆሮም ይለካል እንዴ እዚህ?» አለው። ሌላው የሰሌዳውን ፊደላት ሆን ብሎ እየጎተተ አነበበለት። ጆሮ ሁሉንም ቻለ። ያልጠበቀው የሸክላ ቤቷን ባለቤት መምጣት ነው። ደንበኛ እስኪወጣ ቆማ ጠበቀችና፣ «ሰው ስልክ እየደወለ አስቸገረኝ» አለችው።

«ይቅርታ፤ አሳፈርኩሽ።»

«ሊስቁ አይደለም የሚደውሉት። ሽማግሌውን አሰሚን ይላሉ። ይህን ያህል የተወራለት ሰውዬ ምን እንደሚመስል ማወቅ ፈልገዋል።»

በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ዘፈን ሁለት ጊዜ አጫወተች፤ አንዴ በአርባ አምስት፣ አንዴ በሠላሳ ሦስት። ጆሮም ተጋበዘ። በዚህኛው ሳምንት ሁለተኛውን ሸክላ አውጥቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ልባሱ ላይ የታተመውን የሁለቱንም ሸክላ ግጥም እያነበበ ነበር ያዳመጠው። ስለ ልጅቷ ሲናገር ቃሉ አጭር ነበር፤ «ያ ዘፈን ስለ ሐዘን አይደለም። አውቶቡስ አምልጧት እየሮጠች ነው፤ አትደርስበትም፣ ግን መሮጡን ወዳዋለች። እኔ አምልጦት ቁጭ ያለ ሰው አድርጌ ነበር የሰማሁት። የሷ ይበልጣል አልልም፤ የሷ ግን የሷ ነው።» ያን ጊዜ በአቅራቢዋ ከንፈር ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ሽው ብሎ አለፈ ብሎ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ አላመነችውም።

የአማቱ ፋሻ የተፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ጆሮ በራሱ እጅ ክብ መነጽር መረጠላቸው፤ አፍንጫቸው ላይ አስተካክሎ አስቀመጠላቸው። ሴትዮዋ መጀመሪያ ያዩት የልጃቸውን ፊት ነው፤ «ከስተሻል» አሏት። ቀጥለው፣ «እስቲ የሽማግሌውን ሸክላ አምጣ» አሉ።

በሁለተኛው ሸክላ ልባስ ላይ የልጆቹ ፎቶ ነበር። አራት ናቸው፤ መሐል የቆመችው አጭር ጸጉሯን አቁማ፣ ከጎኗ ያለውን ልጅ በክርኗ እየጎሸመች ትስቃለች። አማቱ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘው፣ አንዴ አቅርበው አንዴ አርቀው ብዙ አዩት።

«ስታረጅ ትመስለዋለች» አሉ።

ከዚያ ቀና ሲሉ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረውን ሸክላ በአዲሱ ዓይናቸው አዩት፤ ላዩ ላይ የተኛውንም አቧራ ጭምር። «ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚህ ውስጥ ነው ስተነፍስ የከረምኩት?» ብለው አማቻቸውን ጨርቅ አስመጡት። ያን ከሰዓት ጆሮ መሰላል ላይ ወጥቶ ሲያብስ ዋለ፤ እሳቸው ከሶፋው ላይ ሆነው ሳይነካ ያለፈውን ቦታ እያሳዩት።