የአልማዝ ሆድ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት የተሰጣትን አጭር ልቦለድ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ወርውራ፣ «ማሚ፣ ይቺ ሴትዮ ታናድዳለች! ለምን ዝም ብላ ጥላቸው አትወጣም? ጀስት ሊቭ!» አለችኝ። ታሪኩ ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። ዓይነቱን አውቀዋለሁ፤ ባል አለ፣ ሐኪም አለ፣ የተዘጋ ክፍል አለ፣ መጨረሻ ላይ አእምሮዋን የሳተች ሴት አለች። አባቷ ቢኖር ኖሮ እንዲህ ያለውን ክርክር ለእሱ ነበር የምተወው፤ እሱ መታገሥ ይችልበት ነበር። ከሞተ ስምንት ወሩ ነው፤ የእኔም ትዕግሥት አብሮት ሳይቀበር አልቀረም። «ሳትጨርሺው አትፍረጂ!» ብዬ ጮኽኩባት። ተቆጥታ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ ከመጽሐፉ ጋር ቀረሁ።

በፈረንጅ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር፣ ከእናቴ ታናሽ ወንድም ከጋሼ መኮንን ቤት እኖር ነበር። ጋሼ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳሉ። እኔ ከሥራ በኋላ ኮሌጅ ሥነ ጽሑፍ እማራለሁ። በዚያ ተርም የወሰድነው የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጫጭር ልቦለዶችን ነበር። መምህራችን ድምፀ ጎርናና ኬንያዊት ነበረች፤ ጠመኔዋን እያወዛወዘች፣ «እነዚህን ሴቶች ያሳበዳቸው ምንድን ነው?» ትለናለች። ሁልጊዜ ቀድሜ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ። «ማንም አለመስማቱ!» እላለሁ። ከሞቱ መቶ ዓመት ባለፋቸው የእንግሊዝና የአሜሪካ ባሎች ተናድጄ ማታቱ ታክሲ ውስጥ ሳብሰለስል መውረጃዬን ያለፍኩበት ቀን ብዙ ነው።

ቤት ስገባ ደግሞ አልማዝ አለች።

አልማዝ የጋሼ ሚስት ናት፤ ከደብረ ብርሃን ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነበር። ስዋሂሊዋ ከገበያ ዋጋ አያልፍም፣ እንግሊዝኛ የላትም። ሰኔ ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች። የናይሮቢ ሐምሌ ምን እንደሚመስል ያላየ አይገባውም፤ ሰማዩ እንደ አመድ ነው፣ ካፊያው አያባራም፣ ብርዱ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። እኛ በዚያ ላይ መጋረጃ ጨመርንበት። አራስ ናትና ብርሃን እንዳያገኛት፣ ምች እንዳይመታት፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍባት። አገር ቤት ቢሆን መጋረጃው ውስጥ እናት አለች፣ አክስት አለች፣ ጎረቤት አለች፤ ሲያሙና ሲስቁ ይውላሉ። እኛ መጋረጃውን ይዘን መጣን፣ ሴቶቹን ግን እዚያው ትተናቸው ነበር። ስልኩንም ጋሼ ወስደውባታል፤ ከእናቷ ጋር ካወራች ስታለቅስ ስለምትውል፣ «ባታወራ ይሻላታል» ብለው። አጥሚቱን የማስገባው እኔ ነኝ። በአንድ እጄ ኩባያ፣ በሌላው የማነበውን ገጽ በጣቴ ይዤ እገባለሁ፤ ስወጣ መጋረጃውን አጥብቄ እዘጋለሁ።

መብላት ስታቆም ጋሼ ሁርሊንግሃም ሰፈር አንድ ክሊኒክ ወሰዷት። እኔ ሕፃኗን እንድይዝ ተከተልኩ። መኪና ውስጥ ጋሼ በመስታወቱ አዩኝና፣ «እዚያ ገብተሽ እንግሊዝኛሽን እንዳታሳዪ። ይሄ የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» አሉኝ።

ሐኪሙ ምን እንደሚሰማት ጠየቀ።

«ምንድን ነው የሚሰማሽ ይልሻል» አሉ ጋሼ።

አልማዝ ነጠላዋን ጎተተች። «ሆድ ይብሰኛል» አለች። «ዝም ብሎ ሆዴን ባር ባር ይለዋል።»

ጋሼ ወደ ሐኪሙ ዞረው በእንግሊዝኛቸው፣ «ሆዷን ነው። እየባሰባት ነው» አሉት።

ሰውየው አልጋ ላይ አስተኛትና ሆዷን ይጫን ጀመር። እዚህ ጋ? እዚህ ጋስ? አልማዝ ጣራ ጣራውን ታያለች። ለጨጓራ የሚሆን ክኒን አዘዘላት፤ የሚያቃጥል ነገር እንዳትበላም ነገራት። እኔ ጥግ ላይ ሕፃኗን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። አንድ ቃል አልወጣኝም።

ስንመለስ አልማዝ፣ «በርበሬ ካየሁ እኮ ስንት ጊዜዬ» አለች። ጋሼ ሳቁ። ያሳቃቸው ደስታ ነው፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገሯ ነበር።

ከዚያ ሦስት ሳምንት አለፈ። በዚያ ሦስት ሳምንት ምን እንደሠራሁ ስናገር ዛሬም ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። ድርሰት ጻፍኩ። በልቦለዶቹ ውስጥ ሚስቲቱ ስትናገር ባልየው ለሐኪሙ እንዴት ለውጦ እንደሚያቀርበው፣ እሷም እንዴት ከገዛ ቃሏ እንደምትሰደድ፣ ዘጠኝ ገጽ። መምህሯ ክፍል ውስጥ አስነበበችኝ፣ ተጨበጨበልኝ። ቤት ገብቼ መጋረጃ ዘጋሁ።

አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ድንች እየላጥኩ ሳለ አልማዝ ከክፍሏ ወጥታ መጣች። ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ያዢልኝ። ከእሷ ጋር ብቻዬን አትተዪኝ።»

«ምነው አልሚ? ምን ሆነሽ?»

«ራሴን ፈራሁት» አለች። አላለቀሰችም፤ እንደዚያ ደረቅ ብሎ ነው የወጣት።

«ነይ፣ አብረን እንውረድ» ብዬ ሕፃኗን ታቅፌ ሮጥኩ። ጋሼ ግቢው በር ላይ የመኪና ኮፈን ከፍተው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ አሁኑኑ ክሊኒክ እንሂድ።»

«ክኒኑ አላለቀም እኮ!»

«የጨጓራ ክኒን ነው!»

«ታዲያ ሆዷን አይደል ያመማት?»

«ሆድ ይብሰኛል ነው ያለችህ!» ብዬ ጮኽኩ። «ሆድ ይብሰኛል! አማርኛ አትሰማም?»

አንተ አልኳቸው። ከተወለድኩ እሳቸውን አንተ ብዬ አላውቅም። መፍቻውን እንደያዙ ቀሩ። እቆጣለሁ ብለው አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ከኋላዬ በባዶ እግሯ የቆመችውን አልማዝን አዩዋት። ድምፃቸው ወረደ።

«ሆድ ባሰኝ… በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

ባለ ዘጠኝ ገጿ እኔ አላውቅም ነበር። እስከዛሬም በቅጡ አላውቀውም።

ክሊኒኩ ውስጥ ግን ቃል አላሳመርኩም። ራሷን እንደምትፈራ፣ ከልጇ ጋር ብቻዋን መሆን እንደማትፈልግ፣ እንቅልፍ እንደሌላት፣ እናቷን እንደምትፈልግ፣ እሷ እንዳለችው አንድ በአንድ ነገርኩት። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየ። የዚያኑ ቀን የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ላካት። ጋሼ ኮሪደሩ ውስጥ እንደ ልጅ አለቀሱ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይሄም ያናድደኛል፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ስልኩ ተመለሰላት። እናቷ ለክርስትናው መጡ፤ እንደገቡ መጋረጃውን ገልጠው፣ «ማነው እዚህ ጨለማ ውስጥ ልጄን የቀበራት?» አሉ። አልማዝ እስክትድን ወራት ፈጀ።

ከክሊኒኩ ስንመለስ ግን አንድ ነገር ጠይቃኝ ነበር።

«በፊትም እንግሊዝኛውን ትችዪው ነበር?»

«አዎ።»

«የዚያን ቀንም?»

«አዎ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ለቅሶ የሚደርሰኝ ሰው ሁሉ ምን ሊሰማኝ እንደሚገባ ይነግረኛል። በርቺ፣ ለልጅሽ ስትዪ፣ ስምንት ወር እኮ ሆነው። አልማዝ ብቻ ናት ምንም የማትለኝ። በየሳምንቱ ቅዳሜ እኔ ቤት፣ ኪሌሌሽዋ ድረስ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች። ካወራሁ ትሰማለች፣ ካላወራሁ የሚለቀም ምስር ፈልጋ ትለቅማለች። ትናንት አላስቻለኝም፤ «አልሚ፣ ያኔ ክሊኒክ…» ብዬ ጀመርኩ። ሃያ ዓመት ስሸሸው የኖርኩትን ይቅርታ ልጠይቃት።

አላስጨረሰችኝም። «ተዪው እስቲ» አለች፣ ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሳ። «ልጅ ነበርሽ።»

ልጅ አልነበርኩም። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እንግሊዝኛም እችል ነበር።