ደቅ ላይ የወረድን ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ ሰላም ከሦስት ጓደኞቿ ጋር እንጅባራ ድረስ መጥታ ሳሎኔን የመርከብ ቢሮ አደረገችው። በትልቅ መርከብ ባሕር ሊዞሩ ነው። አንዷ ስልኳን፣ አንዱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ መርከቡ የሚቆምባቸውን ከተሞች እየጠሩ ይከራከራሉ። እዚህ ወደብ ስንት ሰዓት እንቆያለን፣ እዚያ ወርደን ምን እናያለን፣ ከወረድን በኋላ ጥሎን ቢሄድስ? ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እነሱ ግን የሚሰሙት አይመስሉም። ድንች ቀቅዬ ከሚጥሚጣ ጋር አቀረብሁላቸውና አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ሳቄ መጣ። እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ዳንግላ ላይ፣ ይህንኑ ክርክር ሦስት ወር ሙሉ ተከራክሬዋለሁ።

ያኔ አስተማሪ ነበርሁ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ዳንግላ የተመደብሁበት የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። ወይዘሮ የሺ ከሚባሉ ጠጅ ሻጭ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ጤና ጣቢያ በድሬሰርነት ከምትሠራው ከስንዱ ጋር እንኖር ነበር። ስንዱ ወፍራምና ሳቂታ ነበረች፤ በሽተኛ ስታክም የምትቆጣውን ያህል ቤት ስትገባ ትጫወታለች።

የጉዞውን ሐሳብ ያመጣው ዓለምነህ ነው። እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምራል። የጣናን ሐይቅ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይስላል እንጂ በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ይህ ነገር ያሳፍረው ነበር መሰለኝ። ባሕር ዳር ያለ ጓደኛው አንዲት የብረት ጀልባ በሞተር እየሄደች እህልና ሰው እንደምታመላልስ፣ ከባሕር ዳር ተነሥታ ዘጌንና የደቅን ደሴት እየነካች፣ ቁንዝላ አድራ ጎርጎራ እንደምትደርስ፣ ከዚያም በዚያው መንገድ እንደምትመለስ ጻፈለት። የግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ጥር መጨረሻ ላይ ነበር። ዓለምነህ ደብዳቤውን ይዞ ወደ እኛ ግቢ በሩጫ መጣ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምንሠራው ሌላ ሥራ አልነበረንም።

ከወይዘሮ የሺ ጠጅ ቤት ደጃፍ፣ ዋርካው ሥር፣ አንዲት ረጅም አግዳሚ ነበረች። ዓለምነህ ከትልቅ ወረቀት ላይ የሣለውን ሐይቅ እዚያ ይዘረጋዋል፤ ነፋስ እንዳይወስደው በአራቱም ማዕዘን ብርሌ እናስቀምጥበታለን። እያንዳንዷ ማረፊያ በቀይ እርሳስ ተከብባለች፤ በጎኗም የምንቆይበት ደቂቃ ተጽፏል። ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ ተጣላን። ጀልባዋ ባለፈችበት ሁሉ በታንኳ ወረድ ብለን እንድናያቸው ዓለምነህ የመረጣቸው ደሴቶች አብዛኞቹ ሴት የማይረግጣቸው ገዳማት ነበሩ። አንተ ስትሳለም እኛ ከእህል ጆንያ ጋር ተቀምጠን ልንጠብቅህ ነው ወይ አልነው። ዓለምነህ ይህን ጨርሶ አላሰበውም ነበር። ፊቱ ቀላ፤ ላጲሱን አውጥቶ ግማሹን ሐይቅ ደመሰሰው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ማረፊያ ሲፋቅ ሌላ ሲጻፍ፣ ወረቀቱ ራሱ ሊቀደድ ደረሰ።

እኔ የምሟገተው ለጎርጎራ ነበር። የሐይቁ መጨረሻ ስለሆነ ብቻ! ከማርቆስና ከዳንግላ በቀር አገር ላላየ ሰው "መጨረሻ" የሚባል ቦታ መድረስ ትልቅ ነገር ነው። ስንዱ ደግሞ በየማረፊያው የሚበላውን ነበር የምትጠይቀው። ለስንቅ ጭኮ እናሽ፣ በሶ እንያዝ፣ ድፎ ዳቦ አይሻግትም ወይ እያልን ተጨቃጨቅን።

እኛ ስንነታረክ ከአግዳሚው ጫፍ አንድ ሰው ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። አያ አንለይ ይባላሉ። ከዳንግላ በላይ ካለ የገጠር መንደር በየቅዳሜው ማር በፈረሳቸው ጭነው ለወይዘሮ የሺ ያመጣሉ፤ ማሩን ካስረከቡ በኋላ ፀሐዩ እስኪበርድ ያርፋሉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ይሆናል። አፍ የፈቱት በአገውኛ ነው፤ አማርኛቸው ጥርት ያለ ቢሆንም ቁጥብ ናቸው። ወረቀቱን አሻግረው ያያሉ እንጂ አንድም ቀን አስተያየት ሰጥተው አያውቁም።

ታኅሣሥ ሲያልቅ ወይዘሮ የሺ ዱብ ዕዳ አመጡ። ሁለት ሴት ልጆች ከአንድ ወንደላጤ ጋር ውኃ ላይ ውለው ሊያድሩ ነው ቢባል አገር ምን ይላል፣ ሽማግሌ ካልተጨመረ ከግቢዬ ንቅንቅ የምትል የለችም አሉ። የእናቴ ወዳጅ ስለሆኑ ቃላቸው የእናቴ ቃል ነበር። ያን ያህል የደከምንበት ጉዞ ሲፈርስ ታየኝ፤ ማንም ሽማግሌ ማሳውን ትቶ ሐይቅ ሊያይ እንደማይሄድ እናውቃለን።

ከአግዳሚው ጫፍ አያ አንለይ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እኔ እሄዳለሁ" አሉ።

ሁላችንም ዞረን አየናቸው። ዓለምነህ ደስታው ወሰን አጥቶ የት የት መውረድ እንደሚሹ ጠየቃቸው። እሳቸውም ጠጋ ብለው በጣታቸው አንዷን ክብ ነኩ፤ ደቅን። ሌላውን እናንተ እንደወደዳችሁ አሉ። በውስጤ ስለት ይኖርባቸዋል ብዬ አሰብሁ። ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው ግን አልነበረም፤ ስለ ስንቁ ወደ መጨቃጨቃችን ተመለስን።

በጥር መጨረሻ አንድ ረቡዕ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ገባን። ምድሩ የለመለመ፣ አየሩ ለእኛ ለደገኞቹ የሚወብቅ አገር ነው። ማታ በበርበሬ የተጠበሰ ዓሣ ቀረበልን። አያ አንለይ ዓሣውን አገላብጠው አዩትና ዓይኑ እንዳፈጠጠ የቀረበ ነገር አልበላም ብለው ከበሷቸው አበጥብጠው ጠጡ።

ሐሙስ ጠዋት በአንድ ሰዓት ጀልባዋ ተነሣች። ሐይቁ እንደተወለወለ ብርሌ ነበር። ጆንያ፣ ፍየል፣ ዲያቆናት፣ ሕፃን ያዘለች ነጋዴ፣ ሁሉም ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ስንዱ ሆዳችን ቢታወክ ልታክመን ሎሚ በከረጢት ይዛ ነበር፤ ንፋሱ ሲነሣ የታመመችው ግን እሷ ብቻ ሆነች። አያ አንለይ ከጀልባዋ እምብርት ተቀምጠው ገመድ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ዘጌ ስንደርስ ዓለምነህ ሰዓቱን እያየ በቡናው ጫካ መሐል አስሮጠን፤ የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ለማየት አርባ ደቂቃ ነበረን፣ እንደ ወታደር ገብተን እንደ ወታደር ወጣን። አያ አንለይ ከቦታቸው አልተነሡም።

ደቅ የደረስነው በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ካፒቴኑ አንድ ሰዓት ሰጠን። አሁን ግን ከሁሉ ቀድመው የወረዱት አያ አንለይ ነበሩ። ከዳር ቆሞ የሚያገኙትን ሰው ሁሉ ብርቄ የምትባል ሴት፣ ከአገው ምድር የመጣች፣ ታውቃላችሁ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። የሚያውቅ ጠፋ። በመጨረሻ መረብ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት እያሰቡ ተናገሩ።

"ብርቄ የሚባል ስም አልሰማሁም። ግን ከደሴቱ ወዲያ ጫፍ አንዲት መነኩሲት አለች። ከሽምብራዋ ላይ ወፍ ስታባርር በማናውቀው ቋንቋ ነው የምትራገም።"

ርቀቱን ስንጠይቃቸው እዚሁ ነው አሉ። ዓለምነህ የአገሬው ገበሬ "እዚሁ ነው" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ስለሚያውቅ አጥብቆ ጠየቀና ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት እንደሚሆን አሰላው። ካፒቴኑን ለመነው። ካፒቴኑ ደግ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁንዝላ መግባት አለበት። የቀረ ሰው ካለ እሑድ ስመለስ እወስደዋለሁ አለ።

አያ አንለይ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። "ይቅር፤ እንመለስ" አሉና ወደ ጀልባው መራመድ ጀመሩ።

ተከትያቸው ማን እንደሆነች ጠየቅሁ።

"እኅቴ ናት። እሷው ብትሆንም ብቻዬን ፊቷ መቆም አልችልም" አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ጎርጎራን በልቤ ስንት ጊዜ ደርሼበታለሁ! ጀልባዋን አየሁ፤ ሞተሯ እያጉረመረመች ነው። ደግሞ አያ አንለይን አየሁ፤ ከአንድ ወር በፊት እኔ እሄዳለሁ ባይሉ ኖሮ ከወይዘሮ የሺ ግቢ አልወጣም ነበር። አብሬዎት እሄዳለሁ አልኋቸው። ስንዱ ከመሬት ላይ ተዘርግታ ሎሚ ትመጥጣለች። በሬ ጠምዳችሁ ብትጎትቱኝም ከእንግዲህ ጀልባ ላይ አልወጣም አለች፤ የእሷ ነገር በዚያው አለቀ።

ዓለምነህ በእኛና በጀልባዋ መካከል ቆመ። ከዚያ የስንቁን ቅርጫትና ብርድ ልብሶቹን አውርዶ ሰጠን፤ ለራሱ ቁራሽ ዳቦ አስቀረና ወጣ። ጀልባዋ ስትርቅ ከኋላዋ ብቻውን ቆሞ ያየን ነበር።

መንገዱ በሽምብራ ማሳና በትልልቅ ዛፎች መካከል ያልፋል። ከግራም ከቀኝም ውኃው ብልጭ ይላል። እየተጓዝን ሳለ አያ አንለይ ለማንም ያልነገሩትን ነገሩን። ብርቄ ታናሻቸው ናት። አባታቸው ለአንድ ባለጸጋ ሽማግሌ ሊድሯት ሲሉ በሠርጉ ዋዜማ ጠፋች። አባትየው አያ አንለይን በፈረስ ላኳቸው፤ ያለ እሷ እንዳትመለስ ብለው። በሦስተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ደረሱ። ተሳላሚዎች ወደ ደሴቱ ሊሻገሩ ታንኳ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዷ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች፤ ከነጠላው በታች ግን በልጅነቷ እሳት ያቃጠለው እግሯ ይታያል።

ፈረሳቸውን አዙረው ተመለሱ። አላገኘኋትም ብለው ለአባታቸው ነገሩ። አባታቸው እስኪሞቱ ድረስ ይህ ሴት ልጅ እንኳ ፈልጎ የማያገኝ እያሉ በሰው ፊት ሲያዋርዷቸው ኖሩ። እሱስ ምንም አልነበረም አሉ። እንቅልፍ የነሣቸው ሌላ ነው፤ መልሰው ቢያመጧት ኖሮ ልጆች ወልዳ፣ ቤት ይዛ ትኖር ይሆን? በባዕድ ደሴት ተርባ ሞታ ከሆነስ የለቀቋት እሳቸው አይደሉም ወይ? ይህን ጥያቄ ተሸክመው ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል።

የደሴቱ ጫፍ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ከአንዲት የሣር ጎጆ ደጃፍ፣ ቢጫ ቆብ ያጠለቀች ጠንካራ ሴት ሽምብራ ትፈለፍላለች። አያ አንለይ ከሩቅ ቆሙ። በአገውኛ አንድ ቃል ጠሩ፤ ቤት ውስጥ የሚጠሯት ስም መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት። ሴትዮዋ ቀና አለች። ሽምብራው ከጭኗ ላይ ተበተነ።

ተቃቀፉ። እኔና ስንዱ ፈንጠር ብለን ተቀመጥን። ንግግራቸው በአገውኛ ስለሆነ አይገባንም፤ ግን እናት አባት እያነሡ እንደሆነ ከለቅሷቸው ይታወቃል። ከዚያ አያ አንለይ አንገታቸውን ደፍተው ረጅም ነገር ተናገሩ። ያንን የታንኳውን ነገር እየተናገሩ መሆኑን ተረዳሁ።

መነኩሲቷ አፏን ከፍታ ሰማቻቸው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ወገቧን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። አያ አንለይ ግራ ተጋብተው ያዩአታል። እሷም ወደ እኛ ዞራ በአማርኛ ተናገረች።

"ልጆቼ፣ ፍረዱኝ። ይህ ሰው ያን ቀን እኔን ያላየኝ መስሎኝ፣ እንዴት አድርጌ ወንድሜን እንደሸወድሁት ለመነኮሳቱ ሁሉ ሳወራ ነው የኖርሁ። ዓይኑ ከፍየል አይሻልም እያልሁ!"

አያ አንለይም ሳቁ። ማርም ሲሸጡ፣ ጠጅም ሲጠጡ እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ሳቁ ሲበርድ የመጡበትን ጥያቄ በአማርኛ፣ እኛም እየሰማን ጠየቋት። "መልቀቄ ደግ ነበር?"

እሷም እጃቸውን ይዛ "ደግ አደረግህ። ደስ ብሎኝ ነው የኖርሁ" አለቻቸው።

እስከ እሑድ እዚያው ቆየን። ያረፍነው ከእማሆይ ጎረቤት፣ ከአንዲት ባልቴት ቤት ነው። እኛ ወፍ እናባርራለን፤ እማሆይ በአገውኛ መራገም ታስተምረናለች። ስንዱ የደሴቱን ሕፃናት ዓይን ስታጥብ ዋለች። አያ አንለይ በሁለተኛው ቀን እኅታቸው የሠራችውን ዓሣ አንድም ቃል ሳይናገሩ በሉ፤ ጨመሩም።

እሑድ ጠዋት ጀልባዋ ስትመለስ ዓለምነህ ገና ሳይወርድ እጁን ያውለበልባል። ጎርጎራ ደርሷል፤ ያየውን ሁሉ ጽፎልናል። ሳነብበው ከመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ይህንን ለብቻ ማየት ጨው የሌለው ወጥ ነው የሚል አገኘሁ። በሁለተኛው ዓመት ስንዱን አገባት፤ ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት አያ አንለይ ናቸው። አያ አንለይም እስኪያረጁ ድረስ በየዓመቱ ጥር ሲያልቅ ለእኅታቸው ማር ይዘው ይሻገሩ ነበር። እኔ ጎርጎራን ሳላይ አረጀሁ፤ ቆጭቶኝ ግን አያውቅም።

አንዳንዴ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ሦስት ወር ሙሉ ደቂቃ ስንቆጥር፣ ስለ ዳቦና ስለ ጭኮ ስንጣላ፣ ለምን እንደሚሄዱ አያ አንለይን አልጠየቅናቸውም። አጠገባችን ነበሩ እኮ። ወጣት ሰው የሚሄድበትን ቦታ እንጂ አብሮት የሚሄደውን ሰው አያይም መሰለኝ። ወይም እኔ እንዲያ ነበርሁ።

ይህን ሁሉ ለእነ ሰላም ስተርክላቸው ድንቹ በርዶ፣ ዝናቡም አባርቶ ነበር። ሰላም ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠችና ወደ ጓደኞቿ ዞረች። የየትኛውን ወደብ ስም እንደምታነሣ ጠብቄ ነበር።

"ቆይ፣ እናንተ ግን ለምንድን ነው መሄድ የፈለጋችሁት?" አለቻቸው።