ቤት ያልመታው ስንኝ

በአጎቴ አርባ ዕለት እህቴ በሩ ላይ፣ ቄሱ መስኮቱ ዘንድ፣ እኔ ከባዶ ወንበራቸው ጎን ቆመን ነበር።

በክረምት እንጦጦ ሥር ያለው የሸለቋቸው መንገድ በጭቃ ይዘጋል። ያኔ አጎቴ ስንኝ ይጀምሩና፣ “አንቺ ልጅ፣ ቤት የሚመታ አምጪ” ይሉኝ ነበር። ሰባ ዓመት ሞልቶኝም ለእሳቸው ልጅ ነበርኩ። ባለፈው ሐምሌ ይህን ሰጡኝ፦

“ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ደጄን ሸፈነብኝ፣”

“አልመጣልኝም ጋሼ፤ ለመስከረም ይቆየኝ” አልኩ።

“ኮንዶሚኒየም ከገባሽ ወዲህ ስንኝሽም ደረጃ መውጣት አቃተው” ብለው ሳቁ።

መስከረምን አላዩም።

ጸሎቱ ሲያበቃ ወደ ወንበሩ ጎንበስ ብዬ መለስኩላቸው፦

“ደጁስ ይገለጣል፣ ሰው ነው የቀረብኝ።”

ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።